ሣር ላይ የወጣ ዕቃ

ኮራሊ ወንበሩን ከሣሩ ላይ ስታነሣ ላይል በመስኮት ያያት ነበር።

ወንበሩ የሟች እናቱ ነው። አንድ እግሩ ይነቃነቃል፤ የመቀመጫው ጠፍር ተበጥሷል። ጠዋት ራሱ ነው ተሸክሞ ከአጥር ውጭ ያስቀመጠው። ማዘጋጃ ቤቱ በዓመት አንድ ጊዜ የማይፈለግ ዕቃ የሚሰበስብበት ሳምንት ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ፍራሽ፣ የዛገ ፍሪጅ፣ ጎማ የሌለው ብስክሌት ተደርድሯል። የማዘጋጃ ቤቱ መኪና እስኪመጣ ድረስ አላፊ አግዳሚው የወደደውን ያነሣል። የሚጠይቅ የለም፤ የሚያፍርም የለም። ሣር ላይ የወጣ ዕቃ ባለቤት የለውም።

ላይል ይህን እያወቀ ደረጃውን በሩጫ ወረደ።

«ይቅርታ! እሱን እንኳ ተይው።»

ልጅቱ ወንበሩን እንዳቀፈች ዞረች። የነርስ ጫማ አድርጋለች፤ ዓይኗ የሌሊት ሥራ ያደከመው ዓይን ነው።

«ሣር ላይ ነበር እኮ» አለችው።

«አዎ። ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ… ሐሳቤን ቀየርኩ።»

እሱን አየችው። ከዚያም በትከሻው ላይ አሻግራ ቤቱን አየች። በዚያ ወንዝ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ውሃው ሲሞላ በሥሩ እንዲያልፍ በረጃጅም የእንጨት እግሮች ላይ ነው የቆመው። በላይል ቤት ሥር ግን ድመት የምታልፍበት ቀዳዳ እንኳ አልነበረም። የቀለም ቆርቆሮ፣ የመጽሔት ክምር፣ የማይሠራ የልብስ ማጠቢያ፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ በካርቶን በካርቶን።

«መቼም ወንበር የቸገረህ አትመስልም» አለች።

ላይል ሊቆጣ አስቦ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ወንበሩን ከነበረበት ቦታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ያገኘሁት እዚህ ነው፤ የተውኩትም እዚህ ነው። ማስገባቱ ያንተ ፈንታ ነው።»

ሄደች።

በማግስቱ በዚያው መንገድ መጣች። ላይል ሣሩ ላይ፣ በዚያው በሚነቃነቀው ወንበር ተቀምጧል።

«ምን ትሠራለህ?»

«ሌላ ሰው እንዳያነሣው እጠብቃለሁ።»

«አስገባዋ!»

«ካስገባሁት ዳግመኛ አላወጣውም። ራሴን አውቀዋለሁ።»

ኮራሊ ፊቱን አየችው። ይህ ሰው እየቀለደ እንዳልሆነ ገባት። ቀስ ብላ እጇን ዘረጋችለት።

«እንግዲያው ተነሥ።»

ተነሣ። ወንበሩን አንሥታ ይዛው ሄደች፤ እሱም የሚላት ነገር ያለ ይመስል ተከትሏት ሄደ።

ጎረቤቱ ቤሪል ከበረንዳዋ ሆና ይህን ሁሉ አየች። ያ ሰፈር ትልቁም ትንሹም አክስት ነው የሚላት። ላይል ሲመለስ ጠበቀችው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል እሰማ ነበር» አለችው። «ዛሬ አንዱ ሲለቅ አየሁ። እንግዲያው ሞኝ አይደለህም ማለት ነው።»

«እርስዎ ደግሞ፣ አክስቴ!»

«ቆንጆ ናት?»

«አላየሁም።»

«አሁን ውሸታምም ሆነሃል» አለችና ገባች።

*

ላይል የስኳር ፋብሪካ መካኒክ ነው። ሕፃን ሳለ አባቱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ማዕድኑ አገር ለሥራ ሄዶ በዚያው ቀረ። እናቱ ከዚያ ወዲህ አንዲት ነገር አልጣለችም። የአባቱ ቦቲ ጫማ፣ መጋዙ፣ ያላለቀ የቀለም ቆርቆሮው ሁሉ ባለበት ተቀመጠ። «ሲመለስ ይፈልገዋል» ትል ነበር። ኋላ የራሷንም፣ የልጇንም፣ ጎረቤት የሰጣትንም መጣል አቃታት። እሷ ስትሞት ቤቱ ከነሸክሙ ለላይል ወረደ። እሱም ጠባቂ ሆነ። ማንን እንደሚጠብቅ ግን ጠይቆ አያውቅም።

የኮራሊ ክፍል ሌላ ነበር። አልጋ፣ ድስት፣ ሁለት ሳህን፣ አሁን ደግሞ አንድ ወንበር። እግሩን ራሷ አጥብቃዋለች። መስኮቱ ሲከፈት ነፋሱ የሚነካው ነገር አጥቶ በሌላው መስኮት ይወጣል። ላይል መጀመሪያ የገባ ዕለት መሃል ወለሉ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ምነው?»

«የት እንደምቆም ጠፋኝ። እኔ ቤት የምቆምበት ቦታ አንድ ነው፤ አልሳሳትም።»

ያን ቀን ሳቀች። ሳቋ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ ከመጣ ግን ፊቷን በሙሉ የሚወስድ ነበር።

ክፍሏ ባዶ የሆነው እሷ ብልህ ሆና እንዳልሆነም ነገረችው። ያደገችው ከወንዙ በታች ነው። አንድ ዓመት ውሃው ጣሪያ ድረስ ወጣ። ሲወርድ የቤታቸው ዕቃ ሁሉ ጭቃ ሆኖ መንገድ ዳር ተከመረ፤ ዶዘር መጥቶ አፈሰው።

«እናቴ ቆማ ታይ ነበር» አለች። «ዕድሜዋን ሙሉ አቧራ ስታራግፍለት የኖረችውን ዕቃ አንድ ሰው በአካፋ ሲወስደው። ቤቱንም አፈረሱት። እኔ ይህን ክፍል ስከራይ ባዶውን አየሁትና… ምንም አላስገባሁበትም።»

«ደስተኛ ነሽ?»

«ቀሎኛል። ደስታ ሌላ ነገር ነው።» ትንሽ አሰበች። «ግን ቢመጣ የሚቀመጥበት ቦታ አለኝ።»

ላይል እጇን ያዘ። ወንበሩ አንድ ስለነበር ሁለቱም መሬት ላይ ነበር የተቀመጡት።

ዓመት ሊሞላው ሲል፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወንዙ ዳር በወረቀት የተጠቀለለ የተጠበሰ ዓሣ እየበሉ ሳሉ ጠየቃት።

«ኮራሊ፣ አብረን እንኑር። እኔ ቤት።»

«እሺ» አለች። ላይል ሊያቅፋት ሲል እጇን ደረቱ ላይ አደረገች። «አንተ ቤት ውስጥ የት?»

ላይል ፈገግ አለ።

«እየቀለድኩ አይደለም። ልብሴን የምሰቅልበት አንድ ባዶ ሚስማር አሳየኝና ነገ እመጣለሁ።»

ዓሣው ቀዘቀዘ። ላይል በሐሳቡ ክፍል በክፍል ዞረ። ባዶ ሚስማር አላገኘም።

«ከእናትህ ጋር አልጣላም» አለች ኮራሊ በለሰለሰ ድምፅ። «ሞታለች፤ አላውቃትም። ግን በሷና ባባትህ መሃል ተጣብቄ አልኖርም። አንተም አትችልም፤ እየኖርክ ይመስልሃል እንጂ።»

*

በሚቀጥለው ወር ኮራሊ ነርስ ወደሌለበት የበረሃ ከተማ ለጊዜያዊ ሥራ ተላከች። ከመሄዷ በፊት በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ተሸክማ መጣች። ስትፈታው የዛገ፣ የተቆለመመ፣ ደጃፍ ላይ የሚቆም የፖስታ ሣጥን ነው። አባቷ ከአሮጌ የወተት ማመላለሻ ቆርቆሮ ቆርጦ የበየደው ነበር። ቤታቸው ከፈረሰ በኋላ ደጃፉ ላይ እሱ ብቻ ቆሞ ቀረ። አባቷ ከጎርፉ በፊት ሞቷል።

«ያለኝ ይህ ነው» አለች። «ክፍሌ ደጅ የለውም፤ አልጋ ሥር ነው የኖረ። አንተ ጋ አስቀምጥልኝ።»

ላይል ምን እንደሰጠችው ገባው። ሣጥኑን መልሶ ጠቀለለና ከደረጃው ሥር፣ ከሌላው ዕቃ አጠገብ አኖረው። ስትሄድ አንገቱን አቅፋ ቆየች።

የማዘጋጃ ቤቱ ሳምንት ዳግመኛ ደረሰ።

ላይል ከፋብሪካው ፈቃድ ወሰደ። ስትመለስ የቤቱ ሥር ባዶ ሆኖ ሊያሳያት ቆረጠ። ያቀደውንም ለማንም አልነገረም። በጠዋት ጓንት አጥልቆ ጀመረ። የመጀመሪያውን ካርቶን ከፈተ፤ የእናቱ እጅ ጽሑፍ ያለበት የጠርሙስ ክዳን አየ፤ እዚያው ቁጭ አለ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል አሁንም እዚያው ነበር።

ከዚያ ዘዴ አገኘ። አለማየት።

ካርቶን አይከፍትም፤ ጆንያ አይፈታም። ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ እጁ የነካውን እያነሣ ሣሩ ላይ ይጥላል። ሥራው ፈጠነ። ላቡ ወረደ፤ ደረቱ ከዓመታት በኋላ ተከፈተ። ከሰዓት በኋላ አንድ ቁራሌ በፒካፑ መጣ፤ ብረታ ብረቱን እየመረጠ ይጭን ጀመር። ላይል ሊያግዘው ወጣ። የልብስ ማጠቢያውን አብረው አነሡ። ዘንጉን፣ ቧንቧውን፣ ጆንያውን ላይል ራሱ አቀበለው።

«ዛሬ በረከት ነው፣ ወዳጄ» አለ ቁራሌው። «ምነው፣ ቤት ልትቀይር ነው?»

«ሰው ልትገባ ነው።»

«ኧረ! እንግዲያው የቀረውንም ጣለው።» ተሳሳቁ።

ላይል የቤቱን ሥር የጠረገው በማግስቱ ነው። ከደረጃው ሥር ሲደርስ መጥረጊያው ቆመ። የኮራሊ ጆንያ የለም።

የቁራጭ ብረቱ ግቢ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ቁራሌውን እዚያው አገኘው። ሰውየው ጨዋ ነበር፤ አብሮት ዞረ። የትናንቱ ጭነት ግን ጠዋት ተጨፍልቆ ጡብ ጡብ ሆኗል። ላይል በጡቦቹ መሃል ተመላለሰ። ወተት ያመላለሰው ቆርቆሮ በየትኛው ጡብ ውስጥ እንደገባ የሚለይ ዓይን የለም።

«አዝናለሁ፣ ወዳጄ» አለ ቁራሌው። «ግን ሣር ላይ ነበረ።»

«አዎ» አለ ላይል። «ሣር ላይ ነበረ።»

*

ሰው ሲደነግጥ እጁ የለመደውን ይሠራል። ላይል አሮጌ የወተት ቆርቆሮ አፈላልጎ አገኘ፤ ቆረጠ፣ በየደ፣ ዝገት እንዲይዝ ጨው ቀባው። ቤሪል በአጥሩ በኩል አየችው።

«ልጅቱ ዕውር ናት?» አለችው።

«አይደለችም።»

«እንግዲያው ምን እየሠራህ ነው፣ አንተ ልጅ?»

ላይል ሥራውን አላቆመም።

ኮራሊ ቅዳሜ ጠዋት መጣች። ፀሐይ አጥቁራታለች፤ ከስታለች። በሩ ላይ ቆማ በቤቱ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ አየች። በምሰሶዎቹ መካከል ማዶ ያለው ወንዝ ይታያል። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ላይል! አንተ ነህ ይህን ያደረግኸው?»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሮጣ ልታቅፈው ሁለት እርምጃ ስትራመድ ከደረጃው አጠገብ የቆመውን ሣጥን አየች። አጎንብሳ ብየዳውን በጣቷ ነካችው።

«ይህ የማን ነው?»

ላይል ያዘጋጀው ነገር ነበር። ፊቷን ሲያይ ጠፋው።

«እኔ የሠራሁት ነው። ያንቺን ጣልኩት። ሳላይ። ጆንያውን በእጄ ለቁራሌው አቀበልኩት።»

ኮራሊ አልጮኸችም። ጣቷ በብየዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ሄደ።

«አባቴ ብየዳ አይችልም ነበር» አለች። «ጠማማ ነበር የሱ። ያንተ ያምራል።»

ተነሣች። እጇን በልብሷ ጠረገች።

«እሠራልሻለሁ ብዬ…»

«ተው። የጠፋው ጠፋ፤ ከሱ የሚበልጥ ነገር ጭቃ ሲበላው አይቻለሁ።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ቆይታ አቃናችው። «ሁሉን ስታስቀምጥ አታይም ነበር። ሁሉን ስትጥልም አላየህም። ሳላይ ነው ያልከኝ። አንድ ቀን እኔንስ እንደምታየኝ በምን አውቃለሁ?»

«ኮራሊ።»

«አትከተለኝ። ከፈለግሁ መንገዱን አውቀዋለሁ።»

አልተከተላትም።

*

ከምሰሶዎቹ በላይ ያሉት ክፍሎች እንደተሞሉ ነበሩ። ላይል በራቸውን ሊዘጋው ይችል ነበር። አልዘጋውም። የሚያይለት ሰው ስለሌለ፣ ብቻውን፣ ማየት ጀመረ።

ከሥራ ሲመለስ አንድ ነገር ያነሣል። ይይዘዋል። የማን ነበር? ምን ሠራ? ማን ይፈልገው ይሆን? ከዚያ ተሸክሞ ይወጣል። ሣር ላይ አያኖርም፤ በሰው እጅ ያስረክባል። መንገደኛው ገረመው።

«ሣር ላይ ለምን አታወጣውም?» ይሉታል።

«የሚወስደውን ሰው ማየት እፈልጋለሁ።»

አንድ ምሽት አበባ የተሳለበት የኬክ ቆርቆሮ ይዞ ቤሪል ቤት ሄደ። ከሥሩ በቀለም ስሟ ተጽፎበታል። አሮጊቷ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።

«ይህን ቆርቆሮ!» አለች። «እናትህን ወስደሻል ብያት፣ አልወሰድኩም ብላኝ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ሳንነጋገር ከረምን። ለአንድ ኬክ ማስቀመጫ!»

«የት እንዳለ እሷም ያወቀች አይመስለኝም፣ አክስቴ። ከሥር ነበር።»

«ከሥር» አለች ቤሪል። ክዳኑን ከፈተችው፤ ባዶ ነው። ለረጅም ጊዜ ባዶውን ስታይ ቆየች። «ምነው በሕይወት ሳለች ባገኘኸው ኖሮ።»

የአባቱን ቦቲ ጫማ ያነሣው በመጨረሻ ነው። እግሩን አስገባ፤ ልክ ሆነው። አባቱ ከቤት ሲወጣ አሁን እሱ ካለበት ዕድሜ አይበልጥም ነበር። ላይል ለመጀመሪያ ጊዜ አባቱን እንደ ሰው አየው፤ ወጣት፣ የቸኮለ፣ ምናልባትም የፈራ። እናቱንም አያት። ያ ሰው እንደማይመለስ ታውቅ ነበር፤ ማወቋን ነው በዕቃ የሸፈነችው። ጫማውን አውልቆ፣ ጭቃውን ጠርጎ፣ ለሸንኮራ አጫጅ ሰጠው። ያን ዕለት ደህና እንቅልፍ ተኛ።

ወደ ኮራሊ አልሄደም። መሄድ ሳይፈልግ ቀርቶ አይደለም። በየመንገዱ የነርስ ጫማ ባየ ቁጥር ልቡ ይዘል ነበር። ግን አትከተለኝ ካለችው በኋላ የመምጫዋን መንገድ አልነጥቃትም አለ።

ቤሪል በበኩሏ እንዲህ ያለ ቃል አልገባችም። ዳሌዋን ለመታየት ሆስፒታል ሄዳ ኮራሊ ስታስተኛት ክንዷን ያዘቻት።

«ያ ልጅ ቆርቆሮዬን መለሰልኝ።»

«የቱ ልጅ?» አለች ኮራሊ፤ እያወቀች።

«ቅዳሜ የቀረውን ሊያድል ነው። ሁሉም ሰው ቤት ድረስ ይግባ ብሏል። እኔ ምንም አላልኩም። ዳሌዬን ነው ያመመኝ።»

ቅዳሜ ሰፈሩ ገባ። ላይል በራፍ ላይ ቆሞ ለእያንዳንዱ ሰው ዕቃውን በእጁ ይሰጣል፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቀውን ይናገራል። አንድ አዛውንት ጠረጴዛ ይዞ ደረጃው ላይ ሲንገዳገድ ላይል ሌላኛውን ጫፍ የያዘ ሰው አየ። ኮራሊ ነበረች።

«አንሣ እንጂ፤ ከበደኝ» አለችው።

አነሣ። ቀኑን ሙሉ እሷ ወለሉን እየጠረገች፣ እሱ እያወጣ፣ ትከሻቸው በኮሪደሩ እየተነካካ ዋሉ። ሰዉ ሲያልቅ ቤቱ ውስጥ የእግራቸው ድምፅ ብቻ ቀረ። ባዶ ቤት ድምፅ አይሸሽግም።

በእናቱ ክፍል አንድ ቁም ሣጥን ነበር። ከባድ፣ ጥቁር እንጨት። የጠየቁት ሰዎች ነበሩ፤ ላይል ቆዩ ብሏቸዋል።

«ይህን ምን ላድርገው?» አላት።

ኮራሊ መጥረጊያውን አቆመች።

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?»

«አንቺን። ለመስጠትም ለማስቀመጥም ልቤ እኩል ነው። ብቻዬን አልወስንም።»

አየችው። እሱም ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደዚያ ተያይተው አያውቁም። ኮራሊ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፤ ውስጡ ባዶ ነበር። በእጇ መዳፍ እንጨቱን ዳበሰችው። በሩን እንደተከፈተ ተወችው።

እራት ዳቦና እንቁላል በሉ፤ በረንዳው ላይ፣ እግራቸውን ወደ ወንዙ አንጠልጥለው። ከታች በምሰሶዎቹ መካከል ነፋሱ ሳይደናቀፍ ያልፋል። ቤሪል መብራቷን አጥፍታ ከመጋረጃዋ ጀርባ ቆማለች። ሁለቱም ያውቃሉ።

ኮራሊ የተከራየችው ክፍል ከሆስፒታሉ ጓሮ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ከዚያ ሥራ ለመግባት አጥሩን መዞር ብቻ ይበቃታል። ከላይል ቤት ግን ድልድዩን ተሻግሮ፣ ከተማውን አቋርጦ ነው።

ሳህኗን መሬት አስቀመጠች።

«ነገ በጠዋት ሥራ እገባለሁ» አለች።

ላይል ሊሸኛት ተነሣ።

«ቁጭ በል» አለችው። «ከዚህ ይቀርበኛል።»